ያዘ፤ አልለቅ አለ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ጎጃም ተወልዶ ወሬውን እንዲህ ብሎ የሚጀምር ብዙ አይገኝም፤ ግን ሰባውን ካለፍሁ ወዲህ ማንን ልደልል? ልጅ ሳለሁ ጅብ እፈራ ነበር። ጎልማሳ ስሆን ሰው ፈራሁ። አሁን ደግሞ የማላውቀው ሰው ስሜን ሲጠራኝ እንኳ እፈራለሁ። ባለፈው ሚያዝያ፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ስሜን ጠራች፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ባጃጆች ተሰልፈው ከሚጮኹበት ማዕዘን ጀርባ፣ አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ አለችኝ። ሥራውን ለሌሎች ትቼዋለሁ፤ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ የሚያልፈውን ጋሪ እቆጥራለሁ፤ ጋሪውም ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው። ሴትዮዋ አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። "ጋሼ ስንሻው እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። ነኝ አልኋት። "ይታይሽ እባላለሁ። ከቡሬ ነው የመጣሁ፤ የመሪጌታ ጥሩነህ ልጅ ነኝ።" ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጥሁ፤ ባላስቀምጠው ይወድቅ ነበር። "አባቴ ልከውኝ ነው። ‘ስንሻውን፣ ያዘ፤ አልለቅ አለ በይው’ አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉ። መኪናዋን ይሆናል፤ ለፋሲካ አስነሥተናት ማርሽ አልገባ ብላለች። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ እህል አይቀምሱ። ዓይናቸውም ደክሟል። ቢመጡ ቶሎ ይምጡ፣ ጋሼ።"

ምን ብዬ እንደሸኘኋት አላስታውስም። እመጣለሁ ያልሁ ይመስለኛል። ከሄደች በኋላ ግን ላለመሄድ ምክንያት መደርደር ጀመርሁ፤ መንገዱ ክፍት ይሁን አይሁን አይታወቅም፣ ወገቤን ያመኛል፣ ሰንበት ደርሷል። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያን መንገድ ከአርባ ዓመት በላይ ስፈራው ኖሬያለሁ፤ ባሕር ዳር ስሄድ እንኳ ቡሬ ስንደርስ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ የተኛሁ እመስል ነበር። አንድ ጊዜ ማንኩሳ ለቅሶ ደርሼ፣ መሪጌታን ከድንኳኑ ማዶ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠው አየኋቸው፤ እዝን ሳልቀምስ በጓሮ በኩል ወጣሁ። የሦስቱን ቃላት ምሥጢር ለመንገር ወደዚያ ዘመን መመለስ አለብኝ፤ ዕድሜ ከሰጠኝ ነገር ሁሉ እሱ ብቻ አልደበዘዘም።

ያኔ በዋናው መንገድ ላይ ከመኪናው ጋሪው ይበዛል። ሻይ አስር ሳንቲም ነው፤ ከነአምባሻው ሃያ አምስት። ጠጉራችንን አጎፍረን ሚዶውን እላዩ ላይ እንሰካለን፣ ሱሪያችን ከታች ተዘርግቶ የመንገዱን አቧራ ይጠርጋል። እኔ አንድ ቢጫ ሸሚዝ ነበረችኝ፤ ኮሌታዋ እስከ ትከሻዬ ይደርሳል፤ ግራሶ እንዳይነካት ስሠራ አውልቄ ምስማር ላይ እሰቅላታለሁ። ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮ ነበረው፤ ትዝታ ሲዘፈን ጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ፈረሶቻቸውን አቁመው ይሰሙ ነበር። ጨዋታችን ግን አጭር ነበረች። ዘመኑ ሰው ቃሉን የሚለካበት ዘመን ነው፤ ሳቅ እንኳ ግራ ቀኝ ታይቶ ነበር የሚሳቀው።

የጋራዡ ጌታ ጥሩነህ ይባላሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ ሊያስመሰክሩ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ የጭነት መኪና በደጃቸው አለፈና ተከትለውት ሄዱ፤ በዚያው ሹፌርም መካኒክም ሆነው ቀሩ። ከተማው "መሪጌታ" አላቸው። ማሕሌቱ ባይሆንላቸው መሪውስ በእጃቸው አይደል? እሳቸውም ስሙን ወደዱት። ቅኔው ግን ከአፋቸው አልወጣም፤ ነገር በቀጥታ መናገር አይሆንላቸውም። አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ "ስንሻው፣ ዝናብ መጣ፤ ዕቃ አስገባ" አሉኝ። "የምን ዝናብ? ደመናስ የታለ?" ብዬ የጀመርሁትን ቀልድ ቀጠልሁ። ቀልዱ በከተማው ስለሚፈራ አንድ ባለሥልጣን ነበር። መሪጌታ እግሬን ረገጡኝ። ዘወር ስል ያ ባለሥልጣን በሩ ላይ ቆሟል። የሰማውን ያህል ሰምቶ ዝም ብሎኝ ይሁን፣ ምንም ሳይሰማ ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ "ውኃ አምጣ" ቢሉኝ እንኳ መጀመሪያ ወርቁን ፈልጌ ነው ወደ እንስራው የምሄደው።

ያ ባለሥልጣን አንዲት ቀይ መኪና ነበረችው። የእሱ አልነበረችም፤ የአንድ የሸሸ ነጋዴ ነበረች፤ ሰውዬው ወረሳት። ጣሊያን ሠራሽ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የስፖርት መኪና ናት። የእኛ አገር ሰው "በርበሬ" አላት፤ ቀይ ናት፣ አነስ ትላለች፣ ባለቤቷም ያቃጥላል። ሰውዬው መንዳት ስለማይችል መሪጌታ ናቸው የሚነዱለት፤ እሱ ከጎን ተቀምጦ፣ ሽጉጡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የሰላምታውን ብዛት ይቃኛል።

በአንድ ክረምት መግቢያ መሪጌታ ደምበጫ ለቅሶ ሄደው ሳለ የበርበሬ ፍሪሲዮን ተበላሸ። ለማያውቅ ሰው ልንገር። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ከማርሹ ቤት ጋር የሚያያይዝና የሚያላቅቅ ነው፤ ፔዳሉን ሲረግጡት ይለቃል፣ እግር ሲያነሡለት ይይዛል። ፔዳሉ የሚያንቀሳቅሳት ዘንግ አንዲት የነሐስ ቀለበት ውስጥ ገብታ ነው የምትዞረው፤ ቡሽ እንላታለን፣ ከአውራ ጣት አትበልጥም። ያች ቀለበት ተበልታ ዘንጓ ተንጋደደች፤ ቢረግጡትም አይለቅም። ሰውዬው መጥቶ፣ "ነገ ጠዋት ቡሬ ስብሰባ አለኝ። ካልተነሣች አሻጥር ነው" አለኝ። በዚያ ዘመን ዕቃ ተሰበረ አይባልም፤ አሻጥር ተሠራ ነው የሚባለው፤ አሻጥር ከተባለ ደግሞ ሠሪ ይፈለግለታል። ብቻዬን ነበርሁ፣ ያን ቀለበት የሚያወጣ ቶርኖ ቤት በከተማው የለም፣ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። ፈራሁ። ፍርሃት ደግሞ እጅ ያፈጥናል፤ ከልኳንዳው ጓሮ አንድ የበሬ ቀንድ አነሣሁ፣ ቀቀልሁት፣ በጋለ ብረት ቀዳሁት፣ እስኪመሽ በሞረድ ሞረድሁት፤ የነሐሱን ቀለበት አውጥቼ የቀንዱን አስገባሁ። ልክክ አለ። የተቃጠለ ቀንድ ሽታ ከቢጫ ሸሚዜ ሳምንት አልለቀቀም።

ጠዋት መሪጌታ ከደምበጫ ደርሰው ፔዳሉን ረገጡና፣ "በምን ሠራኸው?" አሉኝ። በቀንድ ብል ይስቁብኛል፣ ወይም ይቆጡኛል። ሰውዬውም ከጎናቸው ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ነው። "ባገኘሁት" አልሁ። ትንሽ አዩኝና ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ነው የመፍቻ ቦርሳዋ ጋራዡ ውስጥ እንደቀረች ያየሁት። መኪናዋ የራሷ መፍቻ ነበራት፤ የሌላ መኪና መፍቻ አይገባላትም፤ እኔ ደግሞ ከሥራ በኋላ መመለሱን ረስቻለሁ። ረፋዱ ላይ ዝናብ መጣ፤ በቡሬ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ቀንዱን ዘይት ሳላጠጣው እንደከተትሁት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ቀንድ ደረቅ ሲሆን ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ዘንጓን ይይዛል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ከቡሬ የሚመጣው አውቶቡስ ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ "ስንሻው! መሪጌታ ልከውኛል! ‘ያዘ፤ አልለቅ አለ በለው’ ብለዋል!" ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴትዮ ዶሮዎቿን እስክታወርድ አውቶቡሱ ቆሞ ነበር። "ምኑ?" ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም። ወርቁን እየፈለግሁ ነበራ! ሰሙ ግልጽ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ያዘ፣ አልለቅ አለ። ወርቁስ? ሰውዬው ያዘ፤ አልለቅ አለ። መሪጌታ ታስረዋል፣ በሰው ፊት መናገር ስለማይችሉ እንዲህ አድርገው ሽሽ አሉኝ፤ እንዲህ ፈታሁት። ቅኔውን በመፍታቴ ለአንድ አፍታ ኮራሁ እንኳ፤ እግዚአብሔር ይይልኝ። ከዚያ ፈራሁ። የመፍቻ ቦርሳዋን አነሣሁ፤ መፍቻው ከጠፋ መኪናዋ አትከፈትም፣ ካልተከፈተች ቀንዱ አይገኝም ብዬ ነው። በጓሮ ወጣሁ። ዋናውን መንገድ ትቼ በቋሪት በኩል፣ ጭቃ ለጭቃ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር እየተጋደምሁ፣ አክስቴ ዘንድ አዴት ገባሁ።

አዴት ሁለት መኸር አጨድሁ። ፈረስ በበሩ ባለፈ ቁጥር ጎተራ ሥር እገባለሁ፤ አክስቴ ጎረቤቱን ‘የእኅቴ ልጅ ወባ ይዞት ነው’ ትላለች፣ እውነትም እንደ ወባ ያንቀጠቅጠኛል። በስድስተኛው ወር ግድም ገበያ ላይ አንድ የፍኖተ ሰላም በርበሬ ነጋዴ፣ ማን እንደሆንሁ ሳያውቅ፣ ወሬ ብሎ አወራኝ። የአንድ ባለሥልጣን መኪና ማንኩሳን አለፍ እንዳለች ዝናብ መትቷት ቆመች አለ። ሹፌሩ፣ ‘የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት፤ ልጁ መፍቻውን ይዞ አሁን ይመጣል’ እያሉ መንገድ ዳር እስኪመሽ ጠበቁ። ልጁ ሳይመጣ ቀረ። ሰው ቢላክ ጋራዡ ባዶ፣ ልጁም የለ፣ መፍቻውም የለ። ‘ያልሠራ ምን አሸሸው? አሻጥር ነው’ ተባለ፤ ሹፌሩን አሰሯቸው።

አውቶቡሱ ሲመጣ መሪጌታ አልታሰሩም ነበር። እኔ ነኝ ሸሽቼ ያሳሰርኋቸው። ፍሪሲዮኑ ያዘ፤ መፍቻ ይዘህ ድረስ፣ በቃ። ወርቅ አልነበረውም። ዓመት ከመንፈቅ ታስረው ወጡና ቡሬ ገቡ። ነገሩ ሲበርድ እኔም ተመለስሁ፤ በርበሬ አንድ ግቢ ውስጥ ዝጋ ከርማ በሐራጅ ስትሸጥ እሳቸው እንደገዟት ሰማሁ። ሄጄ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። በየዓመቱ ለሚቀጥለው ዓመት አልሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ከድቶኝ ሸሸ ብለው ይሆን? ቀንዱን አግኝተውት ይሆን? ይኸው ፍርሃት ጠጉሬን አሸበተው።

ይታይሽ በሄደች በሁለተኛው ቀን ቦርሳዋን ከአልጋዬ ሥር አወጣኋት። ቆዳዋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የተበላችው የነሐስ ቀለበት በጨርቅ ተጠቅልላ ከመፍቻዎቹ ጋር እንዳለች ናት። ቶርኖ ቤት ወስጄ ልኳን አስረድቼ በአምሳያዋ አዲስ አስወጣሁ። ቶርኖ የሚሠራው ጎረምሳ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደሰካ፣ "ፋዘር፣ ይሄ የምን ዕቃ ነው? ከሙዚየም ነው እንዴ ያመጡት?" አለኝ። ወጉን ላወራው አልፈለግሁም። ሚኒባስ ላይ ቦርሳዋን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተሳፈርሁ። ማንኩሳን ስናልፍ የመንገዱን ዳር ዳር አየሁ፤ የትኛው ጥግ ላይ ቆመው እንደጠበቁኝ የሚያሳይ ነገር የለም፤ የታረሰ ማሳ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ወራጅ አለ ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ።

በርበሬ ከቤቱ ጎን ቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆማለች፤ ቀለሟ ጠቁሯል፣ ዶሮ ወንበሯ ላይ ተኝታለች። መሪጌታ ከጎኗ፣ ጋቢ ለብሰው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው መካከል አድርገው ተቀምጠዋል። እንዴት አንሰዋል! ይታይሽ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ልትል ስትል እጃቸውን አነሡ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ መሪጌታ። ስንሻው።"

ያላዩኝ ዓይኖቻቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"ቆየህሳ" አሉ።

"አዎ፣ ጌታዬ። ቆየሁ።"

"መፍቻውን ይዘኸዋል?"

"ይዤዋለሁ።"

"በል እንግዲህ።"

ሌላ ነገር ቢናገሩ፣ ቢሰድቡኝ፣ በበትራቸው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ይታይሽና ሁለት ጎረቤቶች መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ግንድ ደገፉላት። በጀርባዬ ገባሁ። በዚህ ዕድሜ መኪና ሥር መግባት ራሱ ያስፈራል፤ ከሥሯ የማየው ደግሞ የእሳቸውን ጫማና የበትሩን ጫፍ ብቻ ነው። መፍቻው ገባ። ብሎኑን አዞርሁ፣ ዘንጓን ሳብሁ፣ ቀለበቱ መዳፌ ላይ ወደቀ። ጥቁር ነው። ያብረቀርቃል። በአንድ ጎኑ ተበልቶ እንደ ጥፍር ሳስቷል። የሞረዴ ጭረት ከጠርዙ ላይ አሁንም ይታያል።

"አገኘኸው?" አሉ ከላይ።

"አገኘሁት።"

"በምን ነበር የሠራኸው?"

"በቀንድ፣ ጌታዬ።"

"የበሬ ነው የላም?"

"የበሬ።"

"ይመስለኛል፤ ጠንካራ ነው። ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ኖሮ። ከሐራጅ ስገዛት በፒንሳ ስንት ቀን ታግዬ ከፈትኋት፣ በቢላዋ ፋቅ ፋቅ አደረግሁና ዘይት አጠጥቼ መለስሁት። ይኸው እስካሁን ሠራ። እነዚያ አስረው ሲጠይቁኝም ዕድሜዋ ነው አልኋቸው እንጂ ቀንድ አላልሁ፤ ያኔ እኔም አላውቅም፤ ባውቅም አልል።"

"ለምን በነሐስ አልቀየሩትም?"

"ማን ይሥራልኝ? ሠሪው የለም።"

ከመኪናዋ ሥር ባልሆን፣ ፊታቸውን ባይ፣ የምናገር አይመስለኝም። "መሪጌታ" አልሁ፣ "ያን ቀን የሸሸሁት ያዙዎት መስሎኝ ነው። ረዳቱ ‘ያዘ፤ አልለቅ አለ’ ሲለኝ፣ ሰውዬው ያዘ ያሉኝ መስሎኝ ነው። ሽሽ ያሉኝ መስሎኝ ነው።"

ዶሮዋ ከወንበሩ ወርዳ በእግሬ በኩል አለፈች።

"ቅኔ መሰለህ?"

"መሰለኝ፣ ጌታዬ።"

"ስንሻው፣ ሰም ብቻ ነበር እኮ!"

የበትሩ ጫፍ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ይሳቁ ያልቅሱ አላወቅሁም፤ ወጥቼ ለማየትም አልደፈርሁም። በመሐረብ ሲናፈጡ ሰማሁ። ከዚያም "ጨርስ" አሉኝ።

አዲሱን ነሐስ ዘይት ቀብቼ ከተትሁት። ዘንጓን መለስሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፤ ሦስት ጊዜ ሳተኝ። መሪጌታ እኔው ልርገጥ ብለው ተነሡ። ይታይሽ ደግፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ግራ እግራቸውንም አንሥታ ፔዳሉ ላይ አደረገችላቸው። እኔ ከሥር ሆኜ ዘንጓን በጣቴ ነካሁ።

"ይርገጡ!"

ረገጡ። ዘንጓ ሳትንጋደድ፣ ሳትጮህ ዞረች። ማርሹን ሲያስገቡ ሰማሁ፤ ገባ።

"ለቀቀ" አሉ ከላይ።

የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት፣ ሴትዮዋ ዶሮዎቿን ስታወርድ፣ ረዳቱን ልጠይቀው የሚገባኝ አንዲት ቃል ነበረች። አሁንም ፈራሁ። እየፈራሁ ጠየቅሁ።

"ምኑ?"

እግራቸው ፔዳሉ ላይ እንዳለ ነው።

"ሁለቱም፤ ሰሙም ወርቁም" አሉ።